በሦስት የማይካፈለው ግንድ

በእኛ ወርክሾፕ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ እኔ የጠራሁት ቁጥር በሦስት ይካፈላል። «ሠላሳ ሜትር ገመድ ቁረጡልኝ» ስል ዐሥር ይቆርጡልኛል። የሚያናድደው ደግሞ ይበቃል። «ዘጠና ደቂቃ ጠብቁኝ» ብዬ ከወጣሁ፣ በሠላሳኛው ደቂቃ ስመለስ በሩን ከፍተው ቆመው አገኛቸዋለሁ። ማንም አይስቅብኝም፣ ማንም አይጣላኝም፤ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ እንደሚዘረጋ ሰው ዝም ብለው ያካፍላሉ። ስለዚህ እናንተም ከዚህ በታች የምጠራውን ቁጥር እያካፈላችሁ ብታነቡ አልቀየምም። በጣት የሚቆጠረውን ተዉት፣ እሱን እኔም አላበዛውም። ከዐሥር በላይ ከሆነው ግን አንዱን ቁጥር ብቻ እንዳለ ተቀበሉኝ። ቦታው ስንደርስ ራሴ እነግራችኋለሁ።

ሙያዬ አንቴና መትከል ነው። ዘጠና ዓመት ሠርቼበታለሁ። በዚህ ወደብ ሰማይ የሚነካ ምሰሶ ካያችሁ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ጎብጦ ካያችሁት ደግሞ ያጎበጠው ነፋስ ነው። ሰው ሁሉ ማጉያ ይለኛል። ማጉያ ትንሿን የሬዲዮ ድምፅ ተቀብሎ ትልቅ አድርጎ የሚያስወጣ ዕቃ ነው፤ ለእንግዳ «ስሙን ያወጡልኝ ለሙያዬ ክብር ነው» እላለሁ።

አለቃዬ ታናሽ እህቴ ናት። እሷን ደግሞ ሚዛን ይሏታል። «ምናልባት ይዘንባል» አትልም፤ «ከመቶ ስልሳ እጅ ይዘንባል» ትላለች፣ ዘንቦም ያርፋል። እኔና እሷ እንዴት ከአንድ ማሕፀን እንደወጣን እናታችንን እስከ ዛሬ ይገርማታል። «ለሁለታችሁ የተመደበውን ወሬ አንተ ብቻህን ጨርሰህ ነው የተወለድከው» ትለኛለች።

የማካፈሉን ሕግ ያወጣችው እህቴ ናት፤ መነሻው አንድ ዓሣ ነው። እሷ ገና ሁለት ጉንጉን የምትሠራ ተማሪ፣ እኔ ጢሜ ያቀመቀመ ጎረምሳ ሳለን፣ አንድ ቀን ዓሣ ይዤ ቤት ገባሁ። ስልሳ ኪሎ እንደነበር፣ ከእሱ ጋር ስታገል እንደዋልኩ፣ አብዛኛውን ለጎረቤት አድዬ ትራፊውን ብቻ እንዳመጣሁ አወራሁ። እሷ አፏን ከፍታ ሰማችኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ወስዳ ዘረገፈችው። አንዲት ልጅ «የውሸታም እህት» አለቻት፤ ተናነቁ፤ እህቴ የፊት ጥርሷ እኩሌታ ተሰብሮ መጣች። ደሟን ስጠርግላት «ወንድም ጋሼ፣ እውነት ስልሳ ኪሎ ነበር አይደል?» አለችኝ። ምን ልበል? «ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ወደ መስታወቱ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታካፍላለች። በየዓመቱም አንድ ጊዜ፣ ሰው በሌለበት፣ «ያ ዓሣ ስንት ኪሎ ነበር?» ትለኛለች፤ እኔም እምላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ዓሣ ግን እያደር ሥጋ ይጨምር ነበር። ሠርጓ ላይ ሰባ ኪሎ ደርሷል።

ወደ ጀልባዋ ልምጣ። ሰው የማይሳፈርባት ጀልባ ናት። ሥራዋ በወደቡ አፍ እየተመላለሰች የባሕሩን ወለል መለካት ነው፤ ደለሉ የት እንደተከመረ፣ የትኛው መርከብ የት ቦታ ሆዱን ሊያስነካ እንደሚችል ማወቅ። እህቴ ዐሥራ አምስት ዓመት ለፋችባት። ነጭ ናት፤ ርዝመቷ ዐሥራ ስምንት ሜትር። ስትወጣ ሸኝተን ስትገባ እልል ብለን ስለምንቀበላት ሙሽሪት አልኳት፤ ስሙም ጸና።

ምሰሶዋ ጫፍ ላይ ራዳር ይሽከረከራል፤ ጭጋግ ቢወርድ፣ ዝናብ ቢዘንብ ደንታ የለውም። ከሥሩ በየማዕዘኑ ካሜራ አለ። ከፊቷ በጨረር ርቀት የሚለካ ድብልብል መሣሪያ ተቀምጧል፤ እሱ የሰው ፀጉር ውፍረት ይለያል። (ይኼን በሦስት ሳይሆን በሠላሳ አካፍሉት።) ከሆዷ በታች ደግሞ ሶናሩ አለ። ሶናር ማለት በውኃ ውስጥ ድምፅ ይልክና የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል፤ ከማሚቶው ተነስቶ ከፊት ምን እንደተጋደመ፣ ከሥር ስንት ሜትር ውኃ እንደቀረ ይናገራል። ዓይነ ስውር በበትሩ መንገዱን እንደሚያውቀው ማለት ነው፤ የሙሽሪት በትር ግን ድምፅ ነው።

ዕቃ መግዛት ማንም ይገዛል። ጉዱ ማስማማቱ ላይ ነው። ካሜራው «ድንጋይ ነው» ይላል፤ ራዳሩ «ኧረ ምንም የለም» ይላል፤ ሶናሩ «አለ እንጂ፣ ደግሞም ትልቅ ነው» ይላል። እህቴ የሠራችው እነዚህን የማይስማሙ ምስክሮች አስቀምጦ የሚያሸማግል ፕሮግራም ነው። ማን መቼ እንደሚታመን ያውቃል፤ ፀሐይ ውኃው ላይ ስታንጸባርቅ ካሜራውን ብዙ አይሰማውም፤ ማዕበል ሲበረታ ራዳሩን ይጠራጠራል። ይህን ለማስተማር እህቴ አንድ ክረምት ሙሉ ታጣፊ ወንበሯን ይዛ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተቀመጠች። ባልዲ ትወረውራለች፣ ጎማ ትወረውራለች፣ አሮጌ በር ትወረውራለች፣ ጀልባዋ የትኛው ምን እንደሆነ እስክትለይ ድረስ ደጋግማ ትወረውራለች። የወረወረችውን ሁሉ ከውኃ የማወጣው ማን ይመስላችኋል? ስድስት መቶ ጎማ አውጥቻለሁ። ወገቤ ምስክሬ ነው።

ሙሽሪት ከእኛ ጋር የምታወራው በሁለት መንገድ ነው። ሰፊው መስመር ምስሉን ሁሉ ያመጣል፣ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት ይፈልጋል፤ መሐል ላይ ኮረብታ ከገባ ይቋረጣል። ጠባቡ መስመር በሳተላይት ነው፤ ምስል አይችልም፣ በየግማሽ ደቂቃው አንዲት መስመር ብቻ ይልካል፦ እዚህ ነኝ፣ ወደዚህ እየሄድኩ ነው፣ በዚህ ፍጥነት። እህቴ «ሰፊው ለወሬ፣ ጠባቡ ለቁም ነገር» ትላለች። ይህን ስትል ለምን እኔን እያየች እንደምትለው አይገባኝም።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ከወደቡ አስተዳደር አንዲት ተቆጣጣሪ መጡ፤ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ደብተራቸውን እንደ ጨቅላ ያቀፉ ሴት። ደንቡን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። ሙሽሪት ከማቆሚያዋ ትወጣለች፣ ጎባጣው አለት ከሚባለው ኮረብታ ጀርባ ዞራ ትመለሳለች። የሰው እጅ አይነካትም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀይ ቁልፍ አለ፤ እሱን ከተጫኑት ጀልባዋ ባለችበት ቀጥ ትላለች፣ ፈተናውም በዚያው ያበቃል።

«ካበቃስ?» አልኳቸው።

«ካበቃማ ጀልባዋ መጋዘን ትገባለች። ቡድኑ ይበተናል። እህትዎ ፈቃድ ክፍል ይመደባሉ።»

ፈቃድ ክፍል ማለት ማኅተም መምታት ነው። እህቴን ማኅተም ስትመታ በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት።

ካፒቴኑም እዚያው ነበሩ። በናፍጣ ጀልባቸው የዚህን ወደብ ወለል ሲለኩ የኖሩ፣ ጡረታ የደረሱ ሰው ናቸው። ክፉ አይደሉም፤ ምላሳቸው ብቻ ነው። «ሰው የሌለባት ጀልባ ማለት ባለቤት የሌላት ውሻ ማለት ናት» አሉ ቁጭ እያሉ። «ዛሬ ትታዘዛለች፣ ነገ የት እንደዋለች አይታወቅም።»

«እርስዎስ ጡረታ ሲወጡ የት እንደሚውሉ ይታወቃል?» አልኳቸው።

«ከአንተ ርቄ!»

እህቴ ሬዲዮና የሩቅ ማያ መነጽር ሰጠችኝ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ አለቱ ላይ ትወጣለህ። ከጀርባ በኩል ምስል ስለማይደርሰን ዓይናችን አንተ ነህ።»

«ይህን የመሰለ ከባድ ኃላፊነት…»

«እዚህ ከሆንክ ተቆጣጣሪዋን በወሬ ትጨርሳቸዋለህ።»

ወጣሁ። አለቱ ሁለት መቶ አርባ ሜትር ነው። ነፋሱ ጢሜን ነቅሎ ሊሄድ ምንም አልቀረው። ከላይ ሆኜ ሙሽሪት ስትወጣ አየኋት፤ ቀስ ብላ ከማቆሚያዋ ተላቀቀች፣ ቆማ የነበረች ጎታች ጀልባን አለፈች፣ መልሕቅ የጣለ ጭነት መርከብን ቀኝ ትታ ዞረች። የጎታቿ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው በሬዲዮ ያወራሉ፤ መስመሩ ክፍት ነው፣ ወደቡ ሁሉ ይሰማል። «እዩዋት፣ መሪው ላይ ማንም የለም እኮ!» ይላል አንዱ። «ሰይጣን ነው የሚነዳት» ይላል ሌላው። «እህቴ ናት» አልኩ እኔ፤ ከዚያ ያልኩትን አሰብኩና ጣቴን ከሬዲዮው አነሳሁ።

ሙሽሪት ከአለቱ ጀርባ ስትገባ የእህቴ ድምፅ በሬዲዮ መጣ። «ሰፊው ተቋረጠ። ጠባቡ አለ። እንደታሰበው ነው።» ድምፅዋ ሰዓት የምትነግር ሴት ድምፅ ነው፤ እኔ ግን አውቃታለሁ፣ እንዲህ ቀጥ ብላ የምትናገረው ልቧ ሲመታ ነው።

ያኔ ግንዱን አየሁት።

በዚያው ሳምንት የጣለው ዝናብ ወንዙን አስቆጥቶ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ባሕር ጥሎ ኖሯል። ሥሩ ብቻ ከውኃ በላይ ብቅ ብሏል፤ ከሩቅ ትንሽ ጉቶ ይመስላል። እኔ ግን ከላይ ሆኜ ቁልቁል ስለማይ ሌላው ይታየኛል፤ ግንዱ ከነቅርንጫፉ ከውኃው በታች ተጋድሟል፣ ልክ በሙሽሪት መንገድ ላይ፣ አግድም። ራዳር ከውኃ በላይ ያለውን እንጂ ከውኃ በታች ያለውን አያይም። ሙሽሪት ቀጥ ብላ እየመጣች ነው።

እንዳየሁት እነግራችኋለሁ። ጀልባዋ ፍጥነቷን ቀነሰች። ከዚያ ቆመች። ጎኗን ሰጥታ ዘወር አለች፣ አንድ ነገር ሰምቶ ጆሮውን እንደሚያዘነብል ሰው። እዚያች ጸጥታ ውስጥ ከሆዷ ሥር ድምፅ እየሄደ፣ ማሚቶ እየተመለሰ፣ ውስጧ ያሉት ምስክሮች እየተከራከሩ እንደነበር አውቃለሁ። ካሜራው «ጉቶ ነው» ሲል፣ ሶናሩ «ጉቶ አይደለም፣ ከሥር ያለውን ጉድ ብታዩ» ሲል። ጎኗን ስትሰጥ ከግንዱ ትይዩ ሆነች፤ እኔም ለካሁት። ሙሽሪት እውነተኛ ርዝመቷ ስድስት ሜትር ነው። ግንዱ ሁለት ሙሽሪት ነው። ልክ ሁለት።

ሬዲዮውን ተጫንኩ። «ሚዛን፣ ማጉያ ነኝ። ከጀልባዋ ፊት ግንድ አለ። ዐሥራ ሁለት ሜትር ነው። ሥሩ ብቻ ነው የወጣው፣ ሌላው ከውኃ በታች ነው።»

እንግዲህ ቁጥሩ ይኼ ነው። ዐሥራ ሁለት። አታካፍሉት።

«ተሰማ» አለች እህቴ።

በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ከሦስቱም አፍ አጣርቻለሁ። እህቴ «ተሰማ» ስትል ጣቶቿ መዝገቡ ላይ ጻፉ፤ አራት ሜትር ብለው። ክፋት አይደለም። ልማድ ነው። እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ ያካፍላል።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሙሽሪት ሽምግልናዋን ጨርሳ ወደ ግራ ዞረች፤ በጣም ወደ ግራ፣ ግንዱን ከነቅርንጫፉ ርቃ ልትዞረው። በግራ በኩል ግን የአሸዋ ጉብታ አለ፣ ውኃው የሳሳበት። ክፍሉ ውስጥ የሚታየው ምስል ሳይሆን ነጥብ ነው፤ በየግማሽ ደቂቃው አንድ ጊዜ የምትዘል አንዲት ነጥብ። ነጥቧ መስመሩን ለቃ ወደ ጉብታው ትሄዳለች።

ካፒቴኑ ከወንበራቸው ተነሱ። «ወዴት ነው የምትሄደው? እዚያ እኮ ውኃው ጉልበት አይደርስም! አራት ሜትር ለምታህል ጉቶ ማን ነው እንዲህ የሚዞረው?»

ትክክል ነበሩ። ግንዱ አራት ሜትር ከሆነ ጀልባዋ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ታልፈዋለች። እንዲህ ከዞረች ሶናሩ አብዷል ማለት ነው። ሶናሩ ካበደ ደግሞ ከሥሯ ስንት ውኃ እንዳለም አታውቅም፤ ጉብታው ላይ ወጥታ ሆዷ ይቀደዳል። ቀዩን ቁልፍ መጫን ቢያንስ ጀልባዋን ያተርፋል።

«ተጫኚው ልጄ» አሉ ካፒቴኑ፣ አሁን ድምፃቸው ለስልሶ። «ፈተናው ይቅር፣ እሷን እንኳ አትርፊያት።»

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። እህቴ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ በሌላ እጇ ሬዲዮውን አነሳች።

«ወንድም ጋሼ። የግንዱን ርዝመት ድገምልኝ።»

«ዐሥራ ሁለት ሜትር!»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«ዐሥራ ሁለት ነው እኮ የምልሽ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

መሐላው ከአፌ ሲወጣ ዋጋ እንደሌለው ራሴም ሰማሁት። ይኼ መሐላ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ፊቴ እስከ አገጬ ግንባር በሆነ ነበር። በሬዲዮው ውስጥ የካፒቴኑ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ፦ «በሦስት አካፍዪው፣ ልጄ።»

«አካፍዬዋለሁ» አለች እህቴ።

ጎበዝ፣ ሰው ስንት ጊዜ ነው አንገቱን የሚደፋው? ዕድሜዬን ሙሉ በሦስት ስካፈል ኖሬ አልከፋኝም ነበር። ያን ጊዜ ከፋኝ። ከታች ሙሽሪት በትዕግሥት፣ አንድም ነገር ሳታጠፋ፣ እህቴ እንዳስተማረቻት መንገዷን እየፈለገች ነው። እህቴ ዐሥራ አምስት ዓመት የደከመችበት ነገር ልክ እንደሚገባው እየሠራ ነው። ይህን በዓይኑ የሚያይ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም እኔ ነኝ፣ ከሰው ሁሉ መርጦ እኔ።

ምን ብል ታምነኛለች? ከመሐላ የሚበልጥ ምን አለኝ? አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። መስመሩ ክፍት ነው፣ ጎታቾቹ ይሰማሉ፣ የበር ዘበኞቹ ይሰማሉ፣ ወደቡ ሁሉ ይሰማል። ሬዲዮውን ተጫንኩት።

«ሚዛን፣ ስሚኝ። ዓሣው ሁለት ኪሎ ነበር።»

«ምን?»

«ዓሣው። ስልሳ ኪሎ አልነበረም። ሁለት ኪሎ ነበር። አላጠመድኩትም፤ ከገበያ ነው የገዛሁት። ለጎረቤትም አላደልኩም፣ ያመጣሁት እሱኑ ነው። ጥርስሽ የተሰበረው ለሁለት ኪሎ ዓሣ ነው። ግንዱ ግን ዐሥራ ሁለት ሜትር ነው። አታካፍዪው።»

አንድ ጎታች ላይ ያለ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። ሌላው ሳለ። እኔ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ለጥፌ ሙሽሪትን ብቻ አያለሁ፤ ጉም ይሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ መነጽሩ ደብዝዞብኛል።

ክፍሉ ውስጥ እህቴ ጣቷን ከቁልፉ አነሳች። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከተተችና ተቀመጠችባቸው፤ ልጅ ሳለች ከረሜላው እስኪከፋፈል ስትጠብቅ እንዲያ ነበር የምትቀመጠው።

«አልጫንም» አለች። «ግንዱ ዐሥራ ሁለት ሜትር ነው። ጀልባዋ ትክክል ናት።»

«በምን አረጋገጡ?» አሉ ተቆጣጣሪዋ።

«በዓሣ።»

ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብለው ጻፉት። ደብተሩን በኋላ አይቼዋለሁ፤ «በዓሣ» ይላል።

አሁን ሙሽሪት የሠራችውን ስሙ። ጉብታው ጫፍ ስትደርስ ፍጥነቷን እንደ ሰው እርምጃ አደረገችው። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ከሥሯ ያለውን ታዳምጣለች፣ ትንሽ ትሄዳለች። አንድ ቦታ ላይ ውኃው ሳሳባት መሰለኝ፣ ወደ ኋላ አለች፤ ወደ ኋላ! የሰው ልጅ ስንት ጊዜ ነው መንገዱ እንዳላዋጣው አውቆ ወደ ኋላ የሚለው? ከዚያ ሌላ መግቢያ አገኘች፣ በግንዱ የቅርንጫፍ ጫፍና በአሸዋው መሐል ባለችው ጠባብ ጥልቅ ቦታ፣ ሁለት ባለጌ ጎረቤቶች ቆመው የሚጣሉበት በር መሐል እንደምታልፍ እመቤት፣ ማንንም ሳትነካ አለፈች። አንዲት ቅጠል አልነካችም። እኔ ይህን ስጽፍ ራሱ ፀጉሬ ይቆማል፤ የቀረኝ ፀጉር ማለቴ ነው።

ነጥቧ ወደ መስመሯ ተመለሰች። ቀጥሎ ሙሽሪት ከአለቱ ጀርባ ወጣች፤ ሰፊው መስመር ተከፈተ፤ ምስሉ ሁሉ ተግተልትሎ ገባ። ማቆሚያዋ ላይ ስትጠጋ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው የተጠጋችው፤ ማቆሚያው ላይ የተንጠለጠለው ጎማ እንኳ አልጮኸም።

ከአለቱ ስወርድ እግሬ አልፈጠነም። ጎታቿ ጋ ስደርስ ሠራተኞቹ ተሰልፈው ጠበቁኝ። «ሁለት ኪሎ! ሁለት ኪሎ!» እያሉ እጅ ነሡኝ። እኔም እንደ ጄኔራል እጄን አንስቼ አለፍኩ። ምን ላድርግ።

ክፍሉ ውስጥ ተቆጣጣሪዋ ፊርማቸውን አኑረው፣ ከእስክሪብቷቸው ክዳን ጋር ይታገላሉ። ካፒቴኑ ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል፤ ሙሽሪት የጉብታውን ወለል ሥላ አምጥታለች፣ እያንዳንዷን ሽንሽን፣ እያንዳንዷን ጎድጓዳ። ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ እያስኬዱ «ይቺን አውቃታለሁ» ይላሉ። «ይቺንም አውቃታለሁ። ይቺን ግን… ይቺን በር አላውቃትም ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን።» ከዚያ ማንንም ሳያዩ ወጡና ወደ ማቆሚያው ሄዱ። በመስኮት አየናቸው፤ የሙሽሪትን ጎን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት፣ የደከመች ፈረስን እንደሚያመሰግን ሰው።

እኔና እህቴ ብቻችንን ቀረን። እግሬን አያለሁ። ጫማዬ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

«መዝገቡ ወጥቷል» አለች። «ሶናሩ ግንዱን ለክቶታል። ዐሥራ ሁለት ሜትር ከዐርባ።»

«ታዲያ አላልኩሽም?»

«ዐሥራ ሁለት ነው ያልከኝ። ዐርባ ሳንቲሜትር አሳንሰሃል።»

«እኔ? አሳነስኩ?»

«በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ።» ሳቀች፤ ያቺ እኩሌታ ጥርሷ ታየች። ከዚያ ሳቋን ሰብስባ «ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አለችኝ።

«ጥርስሽን ሰብረሽ መጥተሽ ሁለት ኪሎ ነው ብልሽ፣ በማን ትኮሪ ነበር?»

«በአንተ ነዋ።» የሬዲዮውን ገመድ እየጠቀለለች ነው፣ አታየኝም። «ሁለት ኪሎም ቢሆን እኮ ራት በልተንበታል፣ ወንድም ጋሼ።»

እኔን አፍ ያስያዘኝ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም፤ ከእሷም በኋላ አልተገኘም።

ቡድኑ አልተበተነም። ሙሽሪት አሁን በየሳምንቱ ትወጣለች፤ እህቴ ማኅተም ሳይሆን ሁለተኛ ጀልባ ይዛለች። የወርክሾፑም ሕግ ተሻሽሏል። ቁጥር ከመጥራቴ በፊት «ሁለት ኪሎ» ካልኩ ማንም አያካፍልም፤ እንዳለ ይቀበሉኛል። ይህን ቃል ግን ቆጥቤ ነው የምጠቀምበት፣ እንዳይረክስ። እስካሁን ያልኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ጊዜ ልክ ነበርኩ።

እንግዳ ሲመጣ ጀልባዋን የማስጎበኘው እኔ ነኝ። ስለ ግንዱ እነግራለሁ፣ በእጄ እያሳየሁ፣ ክንዴ እስኪሰነጠቅ ዘርግቼ። «ሠላሳ ሰባት ሜትር ከሃያ ሳንቲሜትር ነበር!» እላለሁ። ባለፈው አንዱ እንግዳ «ሃያ ሳንቲሜትሯ ከየት መጣች?» ብሎ ጠየቀኝ።

እህቴ ገመድ ተሸክማ በአጠገባችን ስታልፍ ነበር፤ ዞር ሳትል መለሰችለት።

«ሲካፈል ልክ እንዲመጣ ብሎ ነው።»